የጓሮ ኮክ፤ ሳጃና ላይ ለምን አላፈራም? የት አገርስ የትኛው ዝርያ ይተከል?

በዚህ ዕትማችን ስለ ኮክ እናወራለን። «ዳቦ ሳይጠገብ የፍራፍሬ ወሬ ምንድነው?» የሚለን አይጠፋም። ይሁን እንጂ በሰፈራችን የቡና ሰዓት ላይ ሰሞኑን የማይቀር ጥያቄ ሆኗል። ወደ አገር ለመመለስ የተመዘገበ ቤተሰብ አለ። የሦስተኛ አገር ጉዳዩ አልቆለት ሻንጣ የሚያሰናዳ አለ። የትም የማይሄድ፣ እዚሁ ራኩባው ሥር የሚከርምም አለ። ሦስቱም «ጓሮዬ ላይ ምን ልትከል?» ይላሉ፤ ከደጋ የመጣው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ኮክን ያነሳል።

ዛፍ እንደ ጎመን አይደለም። ጎመን ባይሆንልህ በሁለት ወር ነቅለህ ሌላ ትዘራለህ። ኮክ ግን ሦስት ዓመት ውሃ ጠጥቶ ነው የሚፈርድብህ ወይም የሚፈርድልህ። በስደተኛ ቤት ውሃ ማለት ከልጆች ድርሻ የሚቀነስ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ይድረስ የሚለውን መመሪያ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በወረፋ የምናገኘው ግን ስንት እንደሆነ ጀሪካን የተሸከመች ሁሉ ታውቃለች። ስለዚህ የት ምን እንደሚያፈራ አስቀድሞ ማወቁ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የሳጃናው ኮክ

ካርቱም የኖርን ሁሉ ሳጃናን እናውቃታለን። ስሟ በዓረብኛ የእስር ቤት ጠባቂዎች ማለት ነው፤ ድሮ የወህኒ ዘበኞች የሰፈሩባት ስለነበረች ነው ይባላል። ለእኛ ግን ሳጃና ማለት የሲሚንቶ፣ የቆርቆሮና የቧንቧ ገበያዋ፣ ከጎኗ ዴም፣ በየሆሹ ተከራይቶ የሚኖረው ሐበሻ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም (በፈረንጅ ኤፕሪል 15 ቀን 2023) ጦርነቱ እስኪፈነዳ ድረስ ማለታችን ነው።

በዚያ ሰፈር አንዲት ሻይ የምትሸጥ እናት ነበረች። ከጎንደር በመተማ በኩል የመጣ ሰው አምስት የኮክ ዘር በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። እርሷም በእርጥብ ጨርቅ አድርጋ በጎረቤቷ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ወር አቆየችው። ሁለቱ በቀሉ። አንዱን በዘይት ጣሳ ተክላ ከዚሩ ሥር አኖረችው። ዚር የምንለው ያ ትልቁ የሸክላ የውሃ ጋን ቀንና ሌሊት ጠብ ጠብ ሲል፣ ከሥሩ ያለ ተክል ያለ ማንም ድካም ውሃ ይጠጣል። ይህ የሱዳኖች ዘዴ እጅግ ብልህ ነው፤ ዛሬም በካምፕ ልንኮርጀው የሚገባ ነው። በኋላ ጣሳው ሲጠበው ወደ መሬት አዞረችው። ኮኩ አደገ፣ የሰው ቁመት አለፈ፣ ቅርንጫፍ አበጀ። አምስት ዓመት ሙሉ ግን አንዲት አበባ አላሳየም። ሐቡቡ ሲነፍስ አቧራ ለብሶ፣ በግንቦት ሙቀት ቅጠሉ ዳር ዳሩን ተቃጥሎ፣ እንደገና ለምልሞ፣ እንዲያው እንዲያው ኖረ። እዚያ የተወለዱት ልጆች ኮክ ማለት ቅጠል ብቻ ያለው ዛፍ ይመስላቸው ነበር። በክፍል ውስጥ «ከሚከተሉት ፍሬ የማያፈራው የቱ ነው?» ብለን ስንጠይቅ አንዱ ተማሪ ኮክን ጻፈ። እርማት ላይ ምን እንደምንሰጠው ጨንቆን ነበር፤ ልጁ በዓይኑ ያየውን ነው የጻፈው።

ጎረቤቶች ብዙ ምክንያት ሰጡ። አንዱ አፈሩ ነው አለ፣ ሌላው የውሃው ጨው ነው አለ፣ ወንድ ዛፍ ነው ያለም ነበር። ይህ የመጨረሻው ፈጽሞ ስህተት ነው። ፓፓያ ወንድና ሴት አለው፤ ኮክ ግን በአንዱ አበባ ውስጥ ሁለቱንም የያዘ ነው፤ ከጥቂት ዝርያዎች በስተቀር ብቻውን ቢተከልም ራሱን አዳቅሎ ያፈራል። እውነተኛው ምክንያት ብርድ ማጣት ነው።

ኮክ ሳይተኛ አያብብም

የኮክ ጥንተ አገሩ ቻይና ነው። ወደ አውሮፓ በፋርስ በኩል ስለተሻገረ የሳይንስ ስሙ የፋርስ ፍሬ የሚል ትርጉም ይዞ ቀረ። በትውልድ አገሩ ክረምቱ ከባድ ስለሆነ ዛፉ ራሱን ለማዳን ቅጠሉን አርግፎ መተኛትን ተማረ። በእንቅልፉ ጊዜ እምቡጡ ብርዱን ይቆጥራል ብንል ማጋነን አይሆንም። በቂ ብርድ ካላገኘ ክረምቱ አላለፈም ብሎ ስለሚያስብ አይነቃም። ባለሙያዎች ይህን የብርድ ሰዓት ይሉታል፤ ሙቀቱ በግምት ከ7 ዲግሪ በታች የሆነባቸው ሰዓቶች ድምር ማለት ነው። አንዳንዱ ዝርያ 150 ሰዓት ይበቃዋል፣ አንዳንዱ 800 ይፈልጋል፣ ከ1,000 በላይ የሚጠይቅም አለ። ቀን ላይ ብርቱ ሙቀት ከመጣ ደግሞ ሌሊት ከተቆጠረው ላይ መልሶ ይቀንሳል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ደጋ ላይ አንድ ሌሊት 6 ሰዓት ያህል ከ7 ዲግሪ በታች ቢውል፣ 150 ሰዓት የሚፈልግ ኮክ በ25 ሌሊት ይጠግባል። ካርቱም ከባሕር ወለል 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጥር እንኳ ሌሊቱ በአማካይ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የሳጃናው ኮክ በአምስት ዓመት ያገኘው ብርድ ዜሮ ሲባዛ በአምስት፣ ያው ዜሮ ነው። ዚሩ ውሃ ሰጠው እንጂ ብርድ ከየት ያመጣለት? ገዳሪፍም ሆነ ከሰላ ከዚህ እምብዛም አይሻሉም። በሱዳን ፖምን የመሰለ የብርድ አገር ፍሬ የሚታወቀው ከፍታው 3,000 ሜትር በሚደርሰው በጀበል መራ ነው፣ እርሱም ዳርፉር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ሱዳኖችና ግብፆች ኮክን ኾኽ ይሉታል፤ ከእኛው ኮክ ጋር አንድ ቤት ያደገ ቃል መሆኑን ጆሮ ይመሰክራል። ሶርያዊ ነጋዴ ዘንድ ሄዳችሁ ኾኽ ብትሉ ግን ፕሪም ይመዝንላችኋል። በእነርሱ ዘንድ ኾኽ ፕሪም ነው። እኛም ዘይቱን ስንል ሱዳኑ ወይራ ይመጣለታል፤ የእኛ ዘይቱን በእነርሱ ጀዋፋ ነው። ችግኝ ስትገዙ ይህን አስታውሱ፤ በስም መሳሳት የሦስት ዓመት ዋጋ ያስከፍላል። መሽተል በሚባሉት የካርቱም የችግኝ መሸጫዎች ኾኽ ተብሎ ሲሸጥ ያየነው ችግኝ ዝርያው ያልተጻፈበት ነበር። ዝርያው ያልታወቀ ኮክ በሙቅ አገር መግዛት ገንዘብን አሸዋ ላይ ማፍሰስ ነው።

ወደ አገር ለሚመለሱ

ምርጫው በእውነት ምርጫ የሚሆነው ለእናንተ ነው። ኮክ በኢትዮጵያ የደጋና የላይኛው ወይና ደጋ ዛፍ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ 2,400 ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ታልፋለች። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ዛፍ አይስማማም።

አገር ቤት በየጓሮው ያለው ነጭ ሥጋ ያለው ትንሹ ኮክ «የአገር ኮክ» ይባላል። ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኛ አንንቀውም። ብዙ ትውልድ ከዘር ከዘር እየተተካ አየሩን ለምዶታል፤ የደጋው መጠነኛ ብርድ ይበቃዋል። ድክመቱ ፍሬው ትንሽ መሆኑና ብዙውን ጊዜ ሥጋው ከዘሩ ጋር የሚጣበቅ መሆኑ ነው። የኮክ አበባ በአብዛኛው ራሱን ስለሚያዳቅል ከዘር የበቀለው ልጅ እናቱን በመጠኑ ይመስላል፤ ፖም ወይም ማንጎ ከዘር ሲተከል እንደሚያመጣው ያለ ጣጣ አያመጣም። ስለዚህ ለችግኝ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ከጎረቤት ከሚጣፍጠው ዛፍ ዘር ወስዶ ቢተክል አያፍርም። ዘሩን ግን ደረቅ እንደሆነ መሬት መክተት ዋጋ የለውም። ሳጃና ያለችው እናት እንዳደረገችው፣ በእርጥብ አሸዋ ወይም ጨርቅ ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ ከሁለት እስከ ሦስት ወር መቆየት አለበት። ደጋ ላይ ፍሪጅ አያስፈልግም፤ በብርዱ ወራት ጥላ ሥር እርጥብ አሸዋ ውስጥ መቅበር ይበቃል።

ትልቅ ፍሬ የሚፈልግ፣ ለገበያ ያሰበ ደግሞ የተዳቀለ ችግኝ ይፈልግ፤ ሲፈልግም ጥቂት ብርድ የሚበቃቸውን ይምረጥ። በስም እናንሳቸው። ፍሎርዳፕሪንስ በ1982 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፤ 150 ሰዓት ይበቃዋል፤ ሥጋው ቢጫ ነው፤ ካበበ 80 ቀን ገደማ ውስጥ ይደርሳል። ግብፆች በብዛት የሚያመርቱት ይህንን ነው። ትሮፒክ ቢዩቲ በ1989 ወጣ፣ ብርዱ ተመሳሳይ ነው። ነጭ ሥጋና ከዘሩ በቀላሉ የሚላቀቅ ፍሬ ለሚወድ ትሮፒክ ስኖው አለ፤ 200 ሰዓት አካባቢ ይፈልጋል። ደዘርት ጎልድ ከዚያ ትንሽ ይጨምራል። በሌላ በኩል ኤልበርታና ሬድሄቨን በዓለም ላይ እጅግ የታወቁ ስሞች ናቸው። ነጋዴ «የአሜሪካ ምርጥ» ብሎ ሊያመጣላችሁ ይችላል፤ እውነትም ምርጥ ናቸው፣ ለአሜሪካ። 800 ሰዓት ገደማ የሚጠይቅ ዛፍ አዲስ አበባ ላይ ዕጣው ያው እንደ ሳጃናው ነው፤ ቢያብብም ተንጠባጥቦ ነው። ዝናው አያታልላችሁ፣ ሰዓቱን ጠይቁ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የደጋ ፍራፍሬ ላይ ይሠራል፤ የወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤትም ችግኝ ከየት እንደሚገኝ ሊመራችሁ ይገባል።

ደብረ ብርሃንን ለመሰለ ውርጫም ቦታ ተቃራኒው ችግር አለ። እዚያ ብርድ አልጠፋም፤ የሚያሰጋው ቶሎ የሚያብብ ዝርያ አበባው በውርጭ መመታቱ ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ስለሚፈስ ኮኩን ረባዳው ላይ ሳይሆን ተዳፋቱ ላይ ትከሉት። ተዳፋቱ ሌላም ጥቅም አለው። ኮክ ውሃ የሚቋጥር መሬት ፈጽሞ አይወድም፤ ዋልካ መሬት ላይ ክረምቱን ቆሞ ካሳለፈ ሥሩ ይበሰብሳል። ዋልካ ብቻ ያለው ሰው አፈሩን ከፍ አድርጎ ደልድሎ ጉብታው ላይ ይትከል።

በምላጭና በፌስታል ማዳቀል

የአገር ኮክ በጓሮው ያለውና ጥሩ ዝርያ ያለው ጎረቤት ያገኘ ሰው ችግኝ መግዛት የለበትም። ይህን ሥራ በማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን በተግባር ስለተማርነው ደስ እያለን እንጽፈዋለን።

የእርሳስ ውፍረት ያለው የአገር ኮክ ችግኝ ላይ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ልጡን ብቻ በሹል ምላጭ በ«ቲ» ፊደል ቅርጽ ሰንጥቁ። ጊዜው ልጡ ከእንጨቱ በቀላሉ የሚላቀቅበት፣ ማለትም ዛፉ በማደግ ላይ ያለበት መሆን አለበት። ከተመረጠው ዛፍ ከዘንድሮ ቅርንጫፍ ላይ አንድ እምቡጥ ከልጡ ጋር እንደ ጋሻ ቅርጽ ቅረፉ፤ የቅጠሉን ጫፍ ቁረጡና እጀታውን ብቻ ተዉለት። እምቡጡን ቀና አድርጋችሁ በተሰነጠቀው ልጥ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ፌስታል በቀጭኑ ተልትላችሁ ከላይም ከታችም አጥብቃችሁ እሰሩ፤ እምቡጡን ራሱን ግን አትሸፍኑት። ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሡ። የቅጠሉን እጀታ በጣት ስትነኩት ወዲያው ከወደቀ ይዟል ማለት ነው፤ ደርቆ ተጣብቆ ከቀረ አልያዘም፣ በሌላው ጎን ድገሙ። ከያዘ ማሰሪያውን ፍቱ፤ ከዚያ ከእምቡጡ በላይ ያለውን ግንድ ቁረጡ። ከእምቡጡ በታች የሚበቅለውን ሁሉ ደግሞ እየለቀማችሁ ጣሉ፤ ያ የአገሩ ኮክ ተመልሶ ሊነግሥ ሲሞክር ነው።

ለቤት ሁለት ሦስት ዛፍ ይበቃል። በመካከላቸው ከ4 እስከ 5 ሜትር ተዉ።

ብዙ ሰው የማይቀበለን መግረዝን ስንናገር ነው። «ያፈራን ዛፍ እንዴት ይቆረጣል?» ይላሉ። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት በበቀለ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ነው። ያ ቅርንጫፍ አንድ ጊዜ ካፈራ በኋላ ያው ቦታ ዳግም አያፈራም። ካልገረዛችሁት ፍሬው በየዓመቱ ወደ ጫፍ እየሸሸ ይሄዳል፤ በስድስተኛው ዓመት የሚበላው ወፍ ብቻ ነው። መካከሉን ከፍታችሁ፣ ሦስት ወይም አራት ዋና ክንድ ትታችሁ፣ እንደ ጽዋ ቅርጽ ስጡት፤ አሮጌውን እያነሳችሁ ለአዲሱ ቦታ ልቀቁ። ፍሬውም ገና ጥሬ ሳለ በአንድ ስንዝር ርቀት አንድ እስኪቀር አሳሱት። ይህንንም እናቶች «ግፍ ነው» ይሉናል፤ ነገር ግን መቶ ጠጠር ከመሰብሰብ አርባ ኮክ መብላት ይሻላል፣ ቅርንጫፉም አይሰበርም።

ቅጠሉ ቀልቶ ቢጠቀለልና ቢያብጥ የፈንገስ በሽታ ነው፤ የታመመውን ለቅማችሁ አቃጥሉ። ክሽክሽ ቢወጣበት የሳሙና ውሃ ይበቃዋል። የወደቀ ፍሬ ከዛፉ ሥር አይደር፤ የፍራፍሬ ዝንብ የምትራባው በእርሱ ነው።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። የኮክ ጠንካራ ዘር ሲሰበር ውስጡ ለውዝ የመሰለ መራራ ፍሬ አለ። ሆድ ውስጥ ሲገባ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ያወጣል። ልጆች በድንጋይ እየፈለጡ ሲበሉት ዝም አትበሉ።

እዚሁ ለምንከርም

እኛ ቆላ ያለነው ኮክን ትተን ሌላ እንትከል። በቶሎ የሚያበላው ፓፓያ ነው፤ ውሃ ካገኘ በዓመት ውስጥ ያፈራል። ወንድና ሴቱ ሳያብብ ስለማይለይ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ተክላችሁ፣ ሲያብብ ወንዱን ነቅላችሁ ጣሉ፤ ለአሥር ሴት አንድ ወንድ ይበቃል። ዘይቱን፣ ማለትም ጀዋፋ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ ድርቅም ይችላል። ሮማን ቅርንጫፉን ቆርጦ በመትከል ይበቅላል። ሎሚ ከዘር ከሆነ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። ሽፈራው ደግሞ ፍሬ ባይባልም ቅጠሉ በጥቂት ወር ድስት ውስጥ ይገባል፤ ሱዳኖች ሩዋግ ይሉታል። ቁርቁራ ያለ ማንም ርዳታ ይኖራል፤ ልጆቻችን ነቢቅ እያሉ የሚለቅሙት እርሱን ነው።

ውሃውን ከመታጠቢያ ተጠቀሙ፤ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ አፍስሱ። አፈሩን በገለባ ሸፍኑ። የሚያንጠባጥብ ዚር ወይም የተቀደደ ጀሪካን ካለ ከሥሩ አኑሩ። ችግኙ የመጀመሪያውን በጋ በጆንያ ጥላ ይለፍ።

ሻንጣ ለሚያሰናዱ

የሦስተኛ አገር ዕጣ ለደረሳችሁ በአጭሩ እንበል። ደቡብ ቴክሳስ ወይም ፍሎሪዳ የሚሄድ ከላይ የጠቀስናቸውን ጥቂት ብርድ የሚፈልጉትን ይጠይቅ። መካከለኛ ክረምት ያለበት ቦታ የሄደ ኤልበርታና ሬድሄቨን እዚያ ቤታቸው ነው፤ ያለ ሥጋት ይትከል። ሚኒሶታን ወደመሰለ የበረዶ አገር የሚሄድ ግን ችግሩ የእኛ ግልባጭ ይሆንበታል፤ ብርዱ ራሱ ዛፉን ይገድለዋል። በ1964 የወጣ ሪላያንስ የሚባል ዝርያ ከ30 ዲግሪ በታች ዜሮ የሚደርስ ብርድ ይችላል ይባልለታል፤ እርሱም ቢሆን አበባው በየዓመቱ አይተርፍም።

ከአገር ቤት የተላከላችሁን የኮክ ዘር በልብስ መካከል ሸጉጣችሁ ልትወስዱ እንዳሰባችሁ ሰምተናል። አትውሰዱ። አውስትራሊያም አሜሪካም ዘርና አፈር ያለ ፈቃድ አያስገቡም፤ በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሞላው ቅጽ ላይ በግልጽ ይጠየቃል፣ የደበቀ ይቀጣል። አዲስ ገቢ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከጉምሩክ ጋር ባይጋጭ ይሻለዋል። ዘሩን ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ለሚመለስ ጎረቤት ስጡት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ይያዘው፣ ጨርቁም እንዳይደርቅ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይመልከተው።